ጠባብ ጅረት በካያክ እንዴት ይወረዳል?

ይህ ለጀማሪ አይደለም። ካያኩ (ጠባቧ ትንሽ ጀልባ) ሲገለበጥበት ከውስጡ ሳይወጣ በመቅዘፊያው መልሶ ለሚያቃና፣ 3ኛ ደረጃ ወንዝ ተረጋግቶ ለሚወርድ ሰው ነው። (የወንዝ አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 6 ደረጃ አለው።)

ጅረት ጠባብ ነው፣ ቁልቁል ነው፣ ይጠማዘዛል። ውሃው ከዝናብ ስለሚመጣ በሰዓታት ውስጥ ሞልቶ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ወደ ፖቶማክ ወንዝ የሚገባ ዲፊከልት ራን የሚባል ጅረት አለ። "አስቸጋሪው ጅረት" እንደማለት ነው፤ ስም ያወጣለት ሰው አልዋሸም።

ከቤት ሳይወጡ የውሃውን መጠን ይዩ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የብዙ ጅረቶችን ልኬት በኢንተርኔት በነፃ ያወጣል። ውሃው እየጨመረ፣ ደፍርሶ ግንድ እየነዳ ከሆነ፣ እኔ ጀልባዬን ከመኪናው አላወርድም።

ቢያንስ 3 ሆነው ይሂዱ። ሄልሜት፣ የሕይወት ጃኬት፣ ፊሽካ፣ የመወርወሪያ ገመድ። ምልክቱን አስቀድመው ይነጋገሩ፦ ቀጥ ያለ መቅዘፊያ "ና"፣ አግድም ከሆነ "ቁም"።

ዋናው ችሎታ መቆም ነው። ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ውሃው ወደ ላይ ይመለሳል፤ ያቺ ማረፊያዎ ናት። የካያኩን አፍንጫ ወደ ውስጧ ይስደዱና ወደሚዞሩበት ጎን ያዘንብሉ። ከአንዷ ወደ ሌላዋ እያሉ ይውረዱ። ቀጣይዋን ሳያዩ ያሉበትን አይልቀቁ። ካልታየች ወርደው ዳር ዳሩን በእግር ይሂዱ። "በየት ልለፍ?" ብቻ ሳይሆን "ብገለበጥ ወዴት ይወስደኛል?" ብለው ይጠይቁ።

እኔን ፏፏቴ ያን ያህል አያስፈራኝም። የወደቀ ዛፍ ግን ያስፈራኛል። ውሃው በቅርንጫፎቹ መሃል ያልፋል፣ ሰው ይቀራል፤ ልክ እንደ ወንፊት። እንዲህ ያለ ቦታ ጀልባን ተሸክሞ በዳር መዞር ነው። ፈሪ የሚል ካለ ይበል።

አጭር ፏፏቴ ሲደርሱ ጫፉ ላይ አንዴ በኃይል ቀዝፈው አፍንጫውን ያንሱ። ከሥር ወደኋላ የሚጎትተውን ውሃ ዘለው እንዲያልፉ ነው። ከፍታው ሲበዛ ግን በካያኩ ሆድ ጠፍጣፋ ማረፍ ለወገብ አደገኛ ነው።

ከጀልባው ከወጡ በጀርባዎ ተንጋለው እግርዎን ወደ ታችኛው ወራጅ ያድርጉ። ለመቆም አይሞክሩ፤ እግር በድንጋይ መሃል ከተያዘ ጉልበት የሚደርስ ውሃም ያሰጥማል። ዛፍ ላይ የሚወስድዎ ከሆነ ግን ይገልበጡ፣ በደረትዎ ወደ ዛፉ በኃይል ዋኝተው ላዩ ላይ ይውጡ። ከዚያ 3 ጊዜ ፊሽካ ይንፉ።