ሊብሬውን ሳይሆን ሲሊንደሩን ለኩ

ጋራዥ የሚመጡ ልጆች አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «ጋሼ፣ ይቺ ሞተር ለውድድር ትሆናለች?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። በየትኛው ምድብ?

ውድድር ሞተሮችን የሚለየው በቅድሚያ በሲሲ፣ ማለትም በሲሊንደሩ ይዘት ነው። ቀጥሎ ቱ ስትሮክ (በፒስተኑ ሁለት ምት አንዴ የሚያነድ) ወይስ ፎር ስትሮክ (በአራት ምት አንዴ የሚያነድ) የሚለው ይመጣል። ለምሳሌ በዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን ኤምኤክስ2 በሚባለው የሞቶክሮስ (የአፈር ሜዳ ውድድር) ምድብ ቱ ስትሮክ እስከ 125 ሲሲ፣ ፎር ስትሮክ እስከ 250 ሲሲ ይገባል። የአማተር ውድድር አዘጋጆች ግን የራሳቸውን ምድብ ሊያወጡ ይችላሉ። ስለዚህ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት የአዘጋጁን ደንብ በወረቀት ተቀበሉ። በቃል የተነገረ ደንብ ሞተሩ ለውድድር በሚፈተሽበት ቀን አይገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ብዙ ሰው ሊብሬው ላይ 125 የሚል ካየ ይበቃዋል። አይበቃም። ሊብሬው የሚነግራችሁ ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው።

ያማሃ ዲቲ 125ን እንውሰድ። የሲሊንደሩ ስፋት 56 ሚሊ ሜትር ነው። ፒስተኑ የሚመላለስበት ርዝመት 50 ሚሊ ሜትር። ስፋቱን በራሱ አባዙ፣ በ0.7854 አባዙ፣ በርዝመቱ አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። 123 ሲሲ ይመጣል። ግን ያገለገለ ሞተር ነው። ሲሊንደሩ ሲበላ ቶርኖ ቤት ይገባል፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ ትልቅ ፒስተን ይገባለታል። በ56.5 አስሉት፤ 125.4 ሲሲ ሆነ። ለመንገድ ምንም ችግር የለበትም። 125 ላይ ለሚያበቃ ምድብ ግን አልፏል። አንዳንድ ደንብ ለዚህ ትንሽ ይቅርታ ያደርጋል፤ መጻፉን በዓይናችሁ እዩ።

ባጃጅ ቦክሰር 100 ላይ እስከ 100 ሲሲ ያለው ክፍተት ከዚህም ይጠብባል። 53 በ45 ነው፣ 99.3 ሲሲ። ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሰፋ 100.2 ይሆናል። ቦክሰር 150 ግን 56 በ58.8 ስለሆነ 144.8 ሲሲ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሰፋ እንኳ 147.4 ላይ ይቆማል። 150 የሚል ምድብ ካለ ለጀማሪ እሱን ነው የምመክረው። መለዋወጫው በየከተማው አለ፣ የሚያውቀው መካኒክም አይጠፋም።

ታዲያ መስፋቱን እንዴት ታውቃላችሁ? ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ይፈታ በሉ። ቱ ስትሮክ ላይ ጥቂት ብሎን ነው። ብዙ ጊዜ የተቀየረ ፒስተን አናቱ ላይ 0.25፣ 0.50 ወይም 1.00 የሚል ቁጥር አለው። ቁጥር ከሌለ በካሊፐር (በመለኪያ መሣሪያ) የሲሊንደሩን ስፋት ለኩ። ሻጩ «አይፈታም» ካለ አመስግናችሁ ሂዱ።

ሞተሩ ሳይነሳ በፊት በእጃችሁ ዳስሱት። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፤ ቀዝቅዞ እስኪመጣ ጠብቁ። ፎር ስትሮክ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነው። ቱ ስትሮክ ዘይት ከቤንዚን ጋር ስለሚያነድ ትንሽ ጭስ ባሕርዩ ነው። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሱና መሪውን በዝግታ አዙሩ፤ መሐል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። የኋላ ጎማውን ግራና ቀኝ ገፍታችሁ ላልቶ የሚወዛወዝ መሆኑን እዩ። ሻንሲው (የሞተሩ አጽም) አንገት፣ መሪው የሚገባበት አካባቢ፣ ትኩስ ቀለም ካያችሁ ብየዳ ፈልጉበት። አንገቱ የተበየደ ሞተር ይዞ መዝለል ሕይወት ያስከፍላል። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

እኛ ጋ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ፤ ከፍታው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ነው፣ አየሩ ስስ ነው። በካርቡሬተር የሚሠራ ሞተር ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላው (እሳት የሚረጨው) ይጠቁራል። መካኒክም ቤንዚን የምታሳልፈውን ቀዳዳ ይበልጥ በጠበበች ይቀይርለታል። ያው ሞተር ከደሴ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ወይም ከዚያ በታች ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ቤንዚን ያንሰዋል፤ በተለይ ቱ ስትሮክ ፒስተን ያቃጥላል። ስትገዙ የት እንደኖረና ማን እንዳስተካከለው ጠይቁ። ዳገት ላይ መሞከር ጥሩ ነው። ግን ሐረጎ መወዳደሪያ አይደለም፤ ጭነት መኪና የሚመላለስበት መንገድ ነው። ልጆች፣ አደራ።

ለፍተሻ ደንቡ በተለምዶ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ጋዝ ሲለቀቅ ራሱ መመለስ አለበት። ማጥፊያው መሥራት አለበት። የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎች ጫፋቸው ድቡልቡል ይሁን። መስታወት፣ መብራት፣ ማቆሚያ፣ ዕቃ መጫኛ ይወልቃሉ። ከእርዳታ ድርጅት የወጣ ያማሃ ኤጂ 100 ከገዛችሁ ማቆሚያው ግራም ቀኝም ነውና ሁለቱንም አውልቁ። የፈታችሁትን አትጣሉ፤ ያለ መብራት ቦሎ አታገኙም።

የድርጅት ሞተር በጨረታ ሲሸጥ አሪፍ ዕድል ነው፤ የጥገና መዝገብ ያለውም ይገኛል። ነገር ግን ከቀረጥ ነፃ የገባ ሊሆን ይችላል። ቀረጡን ማን እንደሚከፍል የጨረታ ሰነዱ ላይ ሳታነቡ ዋጋ አታስገቡ፤ ያለዚያ ስም አይዛወርም።

በመጨረሻ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በባትሪ አብርታችሁ ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። በ2014ቱ ጦርነት ደሴም ኮምቦልቻም ብዙ ንብረት ተዘርፏል። የተፋቀ ቁጥር ያለው ሞተር የአንድ የተጎዳ ሰው ሊሆን ይችላል፤ በምንም ዋጋ አትንኩት። ቁጥሩ ከተስማማ አብሽሩ፣ ቀብድ ስጡና ሻጩን ይዛችሁ ስም ወደሚዛወርበት ቢሮ ሂዱ። ቀሪውን ብር እዚያ ክፈሉ።