ታይፎይድ ሲጠረጠር፦ ከደም ናሙና እስከ መድኃኒቱ ፍጻሜ

በከተሞቻችን ትኩሳት ይዞት ወደ ክሊኒክ የሄደ ሰው ብዙውን ጊዜ አንዲት ትንሽ የምርመራ ወረቀት ይዞ ይወጣል። ወረቀቷ ላይ «ኦ 1፡160፣ ኤች 1፡80፣ ኦኤክስ 19 1፡80» የሚል ተጽፎ፣ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ፣ ሲፕሮ ወይም ሌላ ፀረ ባክቴሪያ ታዝዞለት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ ጽሑፍ ያችን ወረቀት እንዴት ማንበብ እንደሚቻል፣ ከእርሷ በፊት የትኛውን ምርመራ መጠየቅ እንደሚገባ፣ በሽታው በእርግጥ ታይፎይድ ሆኖ ሲገኝም ታማሚውና አስታማሚው ምን ማድረግ እንዳለባቸው ለማስረዳት የቀረበ ነው። የሐኪምን ውሳኔ ሊተካ አይችልም፤ ከሐኪሙ ጋር የሚደረገውን ንግግር ግን ይረዳል።

ስለ ተሕዋሲው ማወቅ የሚበቃው

ታይፎይድን የሚያመጣው ሳልሞኔላ ታይፊ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ ምድቡም ግራም ኔጌቲቭ ከሚባሉት ነው። የዴንማርኩ ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም እ.ኤ.አ. በ1884 ይፋ ባደረገው የማቅለም ዘዴ መሠረት፣ ሐምራዊውን ቀለም በአልኮል ሲታጠቡ የሚለቁትና በኋላ በሚጨመረው ቀይ ቀለም በማይክሮስኮፕ ሥር ሮዝ መስለው የሚታዩት በዚህ ወገን ይመደባሉ። ለሽንት ቧንቧ ሕመም ዋና ምክንያት የሆነው ኢ ኮላይ፣ የደም ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ፣ የኮሌራው ቪብሪዮ፣ ከማጅራት ገትር አምጪዎች አንዱ የሆነው ማኒንጎኮከስና ካልተፈላ ወተት የሚገኘው ብሩሴላ ሁሉም እዚሁ ናቸው።

ለታማሚው የሚጠቅመው ግን ከቀለሙ በስተጀርባ ያለው የአካል ልዩነት ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ከቀጭኑ ግድግዳቸው ውጭ ሌላ ሽፋን ስላላቸው በርካታ መድኃኒቶች በቀላሉ አልፈው ሊገቡባቸው አይችሉም፤ በሽፋኑ ላይ ያለው ኤንዶቶክሲን የተባለው መርዝ ደግሞ ወደ ደም በሚለቀቅበት ጊዜ ትኩሳትን፣ ሲበዛም የደም ግፊት መውረድን ያስከትላል። በመሳቢያ ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን አንሥቶ መዋጥ ብዙ ጊዜ ውጤት አያመጣም፤ ምርመራውንም ሊያበላሽ ይችላል።

ባክቴሪያው በተበከለ ውሃ ወይም ምግብ ገብቶ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ያልፍና በደም አማካይነት ወደ ጉበት፣ ጣፊያ፣ መቅኒና ሐሞት ከረጢት ይደርሳል። ከገባበት ቀን አንሥቶ ምልክት እስኪታይ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። የሚያሳምመው ሰውን ብቻ በመሆኑ የእያንዳንዱ ሕመም ምንጭ መጨረሻ ላይ የሌላ ሰው ሰገራ ነው፤ ይህ ጆሮ የማይወደው እውነት ቢሆንም የመከላከያው ሥራ ሁሉ የሚመነጨው ከእርሱ ነው።

ወደ ሕክምና ከመሄድ በፊት

የታይፎይድ ትኩሳት በአንድ ሌሊት አይጋልም፤ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየጨመረ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ከፍ ብሎ ይቆማል። ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ የሆድ ሕመም፣ ድካምና ደረቅ ሳል አብረውት ይመጣሉ። ሆድ ሊደርቅም ሊቀጥንም ስለሚችል «ተቅማጥ የለኝምና ታይፎይድ አይደለም» ማለት ስሕተት ነው። ስለዚህ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን፣ በቴርሞሜትር የታየውን መጠን በጠዋትና በማታ፣ እስካሁን የተወሰደውን መድኃኒት ሁሉ፣ ባለፈው አንድ ወር የተሄደበትን ቦታ በወረቀት ጽፎ ይዞ መሄድ ይገባል። በተለይ የተወሰደ ፀረ ባክቴሪያ ካለ መደበቅ አይገባም፤ አንድ ፍሬ እንኳ ባክቴሪያውን ከደም አሳድጎ የሚያሳየውን ምርመራ፣ ማለትም የደም ካልቸርን፣ ውጤት ሊለውጥ ይችላል።

ከቆላ ወይም ከወይና ደጋ ወባማ አካባቢ የመጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የወባ ምርመራ ማድረግ አለበት። ወባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጥ ምርመራ ስላለው እርሱን ሳያጣሩ በታይፎይድ መድኃኒት ቀን ማሳለፍ አደገኛ ነው። ጥሬ ወተት የሚጠጣ፣ ሌሊት በላብ የሚጠመቅ፣ መገጣጠሚያውን የሚያመው ሰው ብሩሴሎሲስም እንዲታሰብለት ይናገር። ሰው በተጨናነቀበት መጠለያ ውስጥ የሚኖርና ልብሱ ላይ ቅማል የታየበት ሰው ደግሞ ታይፈስና እየተወ የሚመለሰው ግርሻ ትኩሳት ሊኖሩበት ስለሚችሉ ይህንኑ ሳያፍር ለሐኪሙ ይንገር፤ የሁለቱም መድኃኒት ከታይፎይድ የተለየ ነው።

የዊዳል ወረቀት እንዴት ይነበባል

በወረቀቷ ላይ ኦና ኤች የሚለው ዊዳል የሚባለው ምርመራ ነው፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ሲያስተዋውቀው ትልቅ እርምጃ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ባለሙያው ከደሙ የተለየውን ሴረም አንድ ጠብታ ሰሌዳ ላይ ያኖርና ቀለም የገባበት፣ የተገደለ የታይፎይድ ባክቴሪያ ያለበትን ፈሳሽ ይጨምርበታል፤ ሰሌዳውን ለአንድ ደቂቃ ያህል ሲያወዛውዘው ፈሳሹ ጥቃቅን ፍርፋሪ ካበጀ «ሪአክቲቭ» ብሎ ይጽፋል። 1፡160 ማለት ሴረሙ እስከ 160 እጥፍ ቀጥኖም ይህን ፍርፋሪ አሳይቷል ማለት ነው። ኦና ኤች የሚባሉት የባክቴሪያው ሁለት ልዩ ልዩ ክፍሎች ናቸው።

ወረቀቱ የሚለካው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ያበጀውን ፀረ እንግዳ አካል መሆኑን አለመርሳት ያስፈልጋል። ይህ ፀረ እንግዳ አካል ከዓመታት በፊት ከነበረ ሕመም ሊቀር፣ በሌሎች የሳልሞኔላ ዝርያዎች ሊነሣ፣ ወባ ባለበት ሰው ላይ እንኳ ሊታይ ይችላል፤ በሽታው በሚዘወተርባቸው አገሮች ጤነኛ ሆነው ሪአክቲቭ የሚሆኑ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በሌላ በኩል በሕመሙ የመጀመሪያ ሳምንት ሰውነት ገና ስላላመረተው በእርግጥ የታመመው ሰው ነጻ ተብሎ ሊመለስ ይችላል። «ታይፎይዴ ተነሣብኝ» እያሉ በየዓመቱ መድኃኒት የሚወስዱ ብዙ ሰዎች፣ በየጊዜው የሚገጥማቸው ልዩ ልዩ ሕመም ሆኖ ሳለ፣ የሚያዩት ያንኑ የቆየ ፀረ እንግዳ አካል ሊሆን ይችላል።

ምርመራው ትርጉም የሚኖረው ከ10 እስከ 14 ቀን በሚደርስ ልዩነት ሁለት ጊዜ ደም ተወስዶ ቁጥሩ በአራት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሲጨምር ነው፤ ለምሳሌ ከ1፡80 ወደ 1፡320 ሲወጣ። በተግባር ግን ሁለተኛውን ናሙና የሚሰጥ ሰው ከስንት አንድ ነው። እንደ እኔ ግምት፣ ሁለተኛው ናሙና እንደማይወሰድ እየታወቀ ለአንዱ ብቻ የሚከፈለው ገንዘብ ለወባ ምርመራና ለካልቸር ቢውል ይሻላል።

ኦኤክስ 19 የሚለው መስመር ዋይል ፌሊክስ የሚባለው ምርመራ ሲሆን ከዚህም የሚብስ ነው። ታይፈስን የሚያመጣውን ሪኬትሲያን ጨርሶ አይነካም፤ የሚጠቀመው ፕሮቲየስ የተባለ ሌላ ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያ ሲሆን፣ ሰውነት ለሁለቱ የሚያበጃቸው ፀረ እንግዳ አካላት በአጋጣሚ ስለሚመሳሰሉ ብቻ እ.ኤ.አ. ከ1916 ጀምሮ አገልግሎት ላይ ውሏል። ስለዚህ ሁለቱም መስመሮች በአንድ ወረቀት ላይ «ሪአክቲቭ» ሆነው ሲገኙ ሰውየው ሁለት በሽታ በአንድ ጊዜ ይዞታል ብሎ ከመደምደም፣ ምርመራዎቹ ደካማ መሆናቸውን ማሰብ ይቀድማል።

የደም ካልቸር

ጥርጣሬው ጠንካራ ከሆነ ሐኪሙን «መድኃኒት ከመጀመሬ በፊት ካልቸር ሊሠራልኝ ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ካልቸር ባክቴሪያውን ራሱን አሳድጎ የሚያሳይ፣ በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞትም የሚለይ ምርመራ ነው። ጥሩ ናሙና የሚወሰደው እንዲህ ነው፦ ቆዳው በፀረ ተሕዋስያን ይጠረግና እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ የተጠረገው ቦታ ዳግመኛ በጣት አይነካም፤ ለአዋቂ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ይገባል። በታይፎይድ ጊዜ በደም ውስጥ የሚገኘው ባክቴሪያ ቁጥሩ አነስተኛ ስለሆነ ጥቂት ደም መውሰድ ምርመራውን ከንቱ ያደርገዋል፤ «ብዙ ደም ቀዱኝ» ብሎ ማማረር የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያ ምልክት ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ ሊታይ ይችላል፤ ነጻ ነው ለማለት ግን እስከ 5 ወይም 7 ቀን ይጠበቃል።

ካልቸሩ ምንም አላሳደገም ማለት ታይፎይድ የለም ማለት አይደለም፤ በደም ካልቸር የሚያዘው ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ከመቅኒ የሚወሰደው ናሙና የበለጠ ያገኛል፤ ይሁንና የሚያሳምም በመሆኑ የሚሠራው በጥቂት ሆስፒታሎች ሕመሙ ለጠናባቸው ሰዎች ነው። ስለዚህ ካልቸር በሌለበት ጤና ጣቢያ ሐኪሙ የትኩሳቱን አካሄድ፣ የወባውን ውጤትና የሰውነት ምርመራውን አገናዝቦ ሕክምና ቢጀምር ትክክል ሠርቷል።

መድኃኒቱ

ሲፕሮፍሎክሳሲን ለብዙ ዓመታት ዋነኛ መድኃኒት ሆኖ ቆይቷል፤ አሁን ግን በብዙ አገሮች ባክቴሪያው ተላምዶታል። በአፍ የሚወሰደው አዚትሮማይሲንና በመርፌ የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶን በስፋት ይታዘዛሉ። በፓኪስታን ሲንድ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2016 የተነሣው ወረርሽኝ ሴፍትሪያክሶንን ጭምር የተላመደ ዝርያ ስለነበረ፣ ከዚያ አካባቢ የተመለሰ ታማሚ ይህን ለሐኪሙ ቢናገር የመድኃኒት ምርጫውን ይለውጣል።

መድኃኒቱ የሚወሰደው እንደ ዓይነቱ ከ7 እስከ 14 ቀን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት በሦስተኛው ቀን ነው። ትክክለኛው መድኃኒት እየተሰጠም ትኩሳቱ እስኪበርድ ከ3 እስከ 5 ቀን፣ አንዳንዴም አንድ ሳምንት ስለሚፈጅ፣ «አልሠራልኝም» ብሎ ከመድኃኒት ቤት ሌላ ገዝቶ መቀየር ሕክምናውን ያበላሻል። በተቃራኒው በአምስተኛው ቀን ቀለል ሲል ማቋረጥ ግርሻን ይጋብዛል፤ ታይፎይድ መድኃኒቱን በሚገባ በጨረሱ ሰዎች ላይ እንኳ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ሊያገረሽ የሚችል በሽታ ነው። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ የቆሰለ አንጀት ሊደማ ስለሚችል አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ባይወሰዱ ይመረጣል። አጥሚት፣ ሾርባ፣ ገንፎና በቂ ፈሳሽ መስጠት እንጂ ታማሚውን በባዶ ሆድ ማክረም አያስፈልግም።

አስታማሚው በተለይ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ዐይኑን መንቀል የለበትም። ድንገተኛ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ ሲነኩት እንደ ሳንቃ የደረቀ ሆድ፣ ጥቁር ወይም ደም ያለበት ሰገራ፣ መቃዠትና ሰው አለመለየት፣ ራስን መሳት፣ መድኃኒቱን የማያስቀምጥ ትውከት ከታዩ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያሻል። አንጀት ከተበሳ የሚያድነው ቀዶ ሕክምና ነው፤ እስኪነጋ መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል።

በቤት ውስጥ ሌላ ሰው እንዳይያዝ

ታማሚው እስኪድን ድረስ ለሌላ ሰው ምግብ አያዘጋጅ፤ ከመጸዳጃ ቤት መልስ እጁን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠብ። አስታማሚውም የታማሚውን ልብስና ሰገራ ከነካ በኋላ እንዲሁ ያድርግ። የመጠጥ ውሃ ሲፈላ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል የሚባለው ለዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ፣ ማለትም በአዲስ አበባ፣ በጎንደር ወይም በደሴ፣ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት። ማገዶ ወይም መብራት ከሌለ ውሃ አጋርን የመሰለ የክሎሪን ማከሚያ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ይቻላል፤ ደፍራሽ ውሃ ግን አስቀድሞ በንጹሕ ጨርቅ መጠለል አለበት። ሰላጣና ያልተላጠ ፍራፍሬ በዚሁ ውሃ ይታጠቡ።

ከዳኑ ሰዎች ጥቂቶቹ ባክቴሪያውን በሐሞት ከረጢታቸው ይዘው፣ ምንም ሳይሰማቸው፣ ለዓመታት በሰገራቸው ያስወጣሉ። የኒው ዮርኳ ምግብ አብሳይ ሜሪ ማሎን እ.ኤ.አ. ከ1907 እስከ 1910፣ ከዚያም ከ1915 እስከ ሞተችበት 1938 ድረስ ተገልላ እንድትኖር የተደረገው ለዚህ ነበር። ዛሬ ማንንም ማግለል አያስፈልግም፤ በምግብ ቤት፣ በሕፃናት ማቆያ ወይም በጁስ ቤት የሚሠራ ሰው መድኃኒቱን ከጨረሰ በኋላ የሰገራ ካልቸር አሠርቶ ከሐኪም ፈቃድ ሳያገኝ ወደ ሥራ ባይመለስ ግን ይገባል።

ክትባትን በተመለከተ፣ ኮንጁጌት የሚባለው አዲሱ ዓይነት ከ6 ወር ዕድሜ ጀምሮ በአንድ መርፌ ይሰጣል፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ክሊኒኮች የሚገኘው ቪአይ የተባለው መርፌ ደግሞ ከ2 ዓመት በላይ ለሆኑ ነው። ለበዓል ወይም ለሠርግ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ ቤተሰብ ይህን ቢያንስ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ልጆቹን ጭምር ማስወጋት አለበት፤ እዚያው ተወልጄ ያደግሁ ነኝ ማለት አያድንም። ክትባቱ የተበከለን ውሃ ሙሉ በሙሉ ስለማይመክት የውሃውን ጥንቃቄ አያስቀርም። ከተመለሱ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው ደግሞ ክሊኒክ በገባበት ቅጽበት ከየት እንደመጣ ይናገር፤ ሐኪሙ ወባንና ታይፎይድን የሚያስበው ይህን ሲሰማ ነው።