ኪዮቶ ያለውን የተማሪዎች መቅደስ ለማየት ቀን ምረጡ

ጃፓን፣ ኪዮቶ ከሄዳችሁና ኪታኖ ተንማንጉ የሚባለውን የሺንቶ (የጃፓኖች ነባር ሃይማኖት) መቅደስ ለማየት ካሰባችሁ መጀመሪያ ካላንደር እዩ። በየወሩ 25ኛው ቀን (በፈረንጆቹ ነው፣ በእኛ እንዳይመስላችሁ) ግቢውና ዙሪያው ገበያ ይሆናል። አሮጌ ኪሞኖ፣ ሸክላ፣ የሚበላ ነገር፣ ምኑ ቅጡ! ገበያ ለሚወድ የማይቀር ቀን ነው። በፈረንጆቹ 1607 የተሠራውን ዋናውን ሕንፃ ተረጋግቶ ማየት የፈለገ ግን ሌላ ቀን፣ ያውም በጠዋት ይሂድ።

ለምን 25? መቅደሱ የሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔ ነው። ሰውዬው ምሁር፣ ገጣሚና ባለሥልጣን ነበር፤ በሐሰት ተከሶ ከዋና ከተማው ተባረረና በፈረንጆቹ 903 በግዞት ሞተ። ዛሬ የትምህርት አምላክ ተብሎ ይመለካል። የተወለደውም የሞተውም በ25 ነው ስለሚባል፣ እኛ ጊዮርጊስን በየወሩ በ23 እንደምናስበው እነሱም በ25 ያስቡታል።

ሰው ሲቀንስ ደግሞ የተኙትን የበሬ ሐውልቶች ሳትጋፉ ታገኛላችሁ። ተማሪዎች ጥበብ ፍለጋ የበሬዎቹን ራስ ያሻሹላቸዋል፤ ከብዛቱ የተነሳ አናታቸው ያብለጨልጫል።

ይህ ዘዴ ጥርና የካቲት አካባቢ ብዙም አይሠራም። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሰሞን ስለሆነ በማንኛውም ቀን ተማሪና ወላጅ ይበዛል፤ የፕለም አበባውም የሚፈካው ያኔ ነው። ምኞት የተጻፈባቸውን ትንንሽ የእንጨት ሰሌዳዎች ፎቶ ስታነሱ ራቅ በሉ፤ የልጆቹ ስም አለበት።