የፔጅ መጠን የሚያስከትላቸው ብልሽቶች፦ ችግርና መፍትሄ

የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ሚሞሪን የሚያከፋፍለው «ፔጅ» በሚባል ቋሚ መጠን ነው። በተለመዱት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ መነሻው መጠን 4 ኪሎባይት ሲሆን፣ በ64 ቢት የኤአርኤም ፕሮሰሰሮች ላይ ግን ሊነክስ ኮምፓይል ሲደረግ (ኮዱ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም) 4፣ 16 ወይም 64 ኪሎባይት ተብሎ ይወሰናል። ስለዚህ ከዚህ በታች ከተገለጹት ምልክቶች አንዱን ያየ ሰው ሌላ ነገር ከመነካካቱ በፊት «ጌትኮንፍ ፔጅሳይዝ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ ማሽኑ በየትኛው መጠን እየሠራ እንደሆነ ያረጋግጥ።

ምልክት፦ በሌላ ማሽን ላይ ያለችግር የሚሠራ ፕሮግራም ገና ሲነሳ ይዘጋል፤ መልእክቱም የሲስተሙ የፔጅ መጠን እንደማይደገፍ ይናገራል። ይህ በብዛት የሚታየው ራስፕቤሪ ፓይ 5 በተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የዚህ ቦርድ ባለ64 ቢት ሲስተም በመደበኛነት የሚነሳው በ16 ኪሎባይት ከርነል ነውና። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ጄማሎክ የተባለው የሚሞሪ ላይብረሪ ነው። ጄማሎክ የፔጁን መጠን የሚይዘው ኮምፓይል ሲደረግ ስለሆነ፣ በ4 ኪሎባይት ማሽን ላይ ተዘጋጅቶ ከዚያ የሚበልጥ ፔጅ ሲያገኝ ሥራ አይጀምርም። በአንጻሩ ለትልቅ ፔጅ የተዘጋጀው በትንሹም ላይ ይሠራል። ስለዚህ «ዊዝ ኤልጂ ፔጅ» የተባለውን አማራጭ 16 አድርጎ (ቁጥሩ የ2 ኃይል ስለሆነ 2 ወደ 16ኛ ኃይል ሲነሳ 64 ኪሎባይት ይሆናል) እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ሦስቱንም መጠኖች ያዳርሳል፤ ዋጋው ጥቂት የሚሞሪ ብክነት ነው። ኮዱ በእጅ ከሌለ በ«ኮንፊግ ዶት ቲኤክስቲ» ፋይል ውስጥ «ከርነል8 ዶት አይኤምጂ» እንዲነሳ የሚያዝዝ መስመር ጨምሮ ሪስታርት በማድረግ ወደ 4 ኪሎባይት መመለስ ይቻላል። ሆኖም ይህ ለአንድ ፕሮግራም ሲባል መላውን ማሽን የትልቁን ፔጅ ፍጥነት ስለሚያሳጣ፣ የመጨረሻ አማራጭ ቢሆን እመርጣለሁ።

መልእክቱ ስለ ላይብረሪ አሰላለፍ (ክፍሎቹ በሚሞሪ ላይ ስለሚያርፉበት ድንበር) የሚናገር ከሆነ፣ ጥፋቱ የኮዱን ክፍሎች አገናኝቶ ፋይሉን የሚያዘጋጀው የሊንከሩ ነው። የፋይሉን አወቃቀር በሚያሳየው «ሪድኤልፍ» ሲታይ ወደ ሚሞሪ የሚጫኑት የ«ሎድ» ክፍሎች አሰላለፍ በሄክሳዴሲማል 1000 (ማለትም 4096) ከሆነ ፋይሉ የተዘጋጀው ለ4 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ከፍተኛው የፔጅ መጠን 16384 ወይም 65536 ተብሎ እንደገና ሊንክ ይደረግ። የአንድሮይድ አፕ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ችላ ሊሉት አይችሉም፤ ጉግል ፕሌይ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ አንድሮይድ 15ንና ከዚያ በላይን ዒላማ ያደረጉ አዳዲስ አፖች 16 ኪሎባይትን እንዲደግፉ ግዴታ አድርጓል።

ምልክት፦ በ64 ኪሎባይት ከርነል ላይ ሚሞሪው ያለ በቂ ምክንያት ይሞላል። 2 ኪሎባይት ብቻ የሆነ ፋይል እንኳ ሲነበብ አንድ ሙሉ ፔጅ ስለሚይዝ፣ 1000 እንዲህ ያሉ ፋይሎች በ4 ኪሎባይት ከርነል ላይ ወደ 4 ሜጋባይት፣ በ64 ኪሎባይት ላይ ግን 64 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳሉ። ትናንሽ ፋይሎች ለሚበዙበት ሰርቨር 4 ኪሎባይት ይመረጥ። የሬድ ሃት ኩባንያ ሊነክስም በኤአርኤም ላይ እስከ 8ኛው እትም 64 ኪሎባይት ይጠቀም ነበር፤ በ9ኛው መደበኛውን ወደ 4 ኪሎባይት ቀይሮ ትልቁን በአማራጭነት አቆይቶታል።

ምልክት፦ ከርነሉ ከተቀየረ በኋላ ስዋፕ (ሚሞሪ ሲያንስ በምትኩ የሚያገለግለው የዲስክ ቦታ) አልነሳ ይላል። የስዋፕ መለያ ፊርማ የሚጻፈው በመጀመሪያው ፔጅ መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ የፔጁ መጠን ሲለወጥ ከርነሉ የሚፈልገው ሌላ ቦታ ላይ ነው። በ«ኤምኬስዋፕ» እንደ አዲስ ማዘጋጀትና ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈቱት ዲስኮች በሚዘረዘሩበት በ«ኤፍኤስታብ» ፋይል ውስጥ ያለውን መለያ ቁጥር ማስተካከል ይበቃል።

ምልክት፦ በ4 ኪሎባይት ማሽን ላይ ብዙ ጊጋባይት ዳታ የያዘ ዳታቤዝ ይዘገያል፤ ፍጥነትን በሚለካው በ«ፐርፍ» ሲታይም የቲኤልቢ ሚስ ከፍተኛ ነው፤ ቲኤልቢ ፕሮሰሰሩ የፔጆችን አድራሻ የሚያስታውስበት ትንሽ ማኅደር ሲሆን፣ ሚስ ማለት የሚፈለገው አድራሻ እዚያ ሲታጣ ነው። 1536 አድራሻ የሚይዝ ቲኤልቢ በ4 ኪሎባይት ፔጅ የሚሸፍነው 6 ሜጋባይት ብቻ ሲሆን፣ በ2 ሜጋባይት ፔጅ ግን 3 ጊጋባይት ይሸፍናል። እዚህ ላይ የሚቀየረው መነሻው መጠን ሳይሆን ለዳታቤዙ ብቻ የሚመደበው «ሂዩጅ ፔጅ» (ይኸው 2 ሜጋባይቱ ትልቅ ፔጅ) ነው። ትልቁን ፔጅ ለሁሉም ፕሮግራም «ኦልዌይስ» (ሁልጊዜ) በሚለው ምርጫ መክፈት ግን አደጋ አለው፤ «ፎርክ» አድርጎ (የራሱን ሁለተኛ ሂደት ፈጥሮ) የዳታውን ቅጂ በሚያስቀምጥ ዳታቤዝ ላይ፣ በተለይ በቆዩ የሊነክስ ከርነሎች፣ ጥቂት ባይት በተጻፈ ቁጥር 4 ኪሎባይት መገልበጡ ቀርቶ 2 ሜጋባይት ሊገለበጥ ስለሚችል መልስ መስጠቱ ይዘገያል፣ ሚሞሪውም ያብጣል። «ኤምአድቫይስ» የሚለው ምርጫ ትልቁን ፔጅ ለጠየቀ ፕሮግራም ብቻ ስለሚሰጥ ለአብዛኛው ሰርቨር የሚስማማው እሱ ነው።