መድኃኒትን ከውሃ የሚይዝ ማዕድን እንዴት ይዘጋጃል?

የዋጥነው መድኃኒት ሁሉ ሰውነታችን ውስጥ አያልቅም። የተወሰነው ሳይለወጥ፣ የተወሰነው ትንሽ ተለውጦ በሽንት ይወጣል። ከዚያ በፍሳሽ መስመር ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ይሄዳል። ብዙዎቹ ጣቢያዎች ግን የተሠሩት ለሌላ ዓይነት ቆሻሻ ስለሆነ ከመድኃኒቱ ከፊሉ ያመልጥና ወንዝ ይገባል። መጠኑ በሊትር በናኖግራምና በማይክሮግራም የሚለካ ነው። ትንሽ ነው፣ ግን በየቀኑ ይመጣል።

ይህን ለመያዝ ከሚሞከሩት መንገዶች አንዱ የተፈጥሮ ማዕድን ነው፤ ዜዮላይት፣ ቤንቶናይት፣ ካኦሊን የመሳሰሉት። ርካሽ ናቸው፣ በብዙ አገር ከመሬት ይወጣሉ። እንዳሉ ሲወሰዱ ግን ብዙ መድኃኒቶችን አይዙም፤ ገጻቸው መቀየር አለበት። የሚከተለው አሠራር ለትንሽ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ የተዘጋጀ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ አይሞከርም፣ የሚወጣውም ውሃ አይጠጣም።

1. ከመድኃኒቱ ጀምሩ

ብዙ ሰው ቀድሞ ማዕድኑን ይመርጣል። እኔ ግን መጀመሪያ የመድኃኒቱን ቻርጅ (የኤሌክትሪክ ሙላቱን፣ ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ መሆኑን) እዩ እላለሁ። ዜዮላይትም ሆነ ቤንቶናይት ገጻቸው ኔጋቲቭ ነው። ለደም ግፊት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል መካከለኛ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ባለው ውሃ ውስጥ ፖዘቲቭ ስለሆነ ያልተነካ ማዕድን እንኳ ይስበዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ምንም መቀየር ላያስፈልግ ይችላል።

ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ናፕሮክሰን ግን ደካማ አሲዶች ናቸው። ፒኬኤያቸው፣ ማለትም ግማሾቹ ሞለኪውሎች ኔጋቲቭ የሚሆኑበት ፒኤች፣ ከ4 እስከ 5 አካባቢ ነው። ፒኤች 7 ላይ ሞለኪውሎቹ ማለት ይቻላል በሙሉ ኔጋቲቭ ይሆናሉ። ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ይገፋፋልና ማዕድኑ አያስጠጋቸውም።

እኛ ዳይክሎፌናክን እንያዝ። ማስታገሻ ነው፣ በቀላሉ ይለካል፣ ጉዳቱም የታወቀ ነው። በደቡብ እስያ ጥንብ አንሳዎች ያለቁት በዚህ መድኃኒት የታከሙ ከብቶችን ጥንብ በልተው መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2004 ታወቀ። ህንድም በ2006 ለእንስሳት ሕክምና እንዳይውል ከለከለች።

2. ማዕድኑን አዘጋጁ

ለጀማሪ የምመክረው ክሊኖፕቲሎላይት የሚባለውን ዜዮላይት ነው። ቤንቶናይት የበለጠ ይይዛል፣ ነገር ግን ውሃ ውስጥ ያብጣል፣ ማጣሪያ ወረቀቱን ይደፍናል፣ ያለ ሴንትሪፊዩጅ ያማርራል።

ድንጋዩን ፈጭታችሁ ከ0.1 ሚሊሜትር በታች በሚያሳልፍ ወንፊት ንፉት። አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው፤ ማስክ አድርጉ። ምንጩ ያልታወቀ ዜዮላይትም አትፍጩ። ኤሪዮናይት የሚባለው ክር መሰል ዜዮላይት ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው።

ዱቄቱን በዲስቲልድ ውሃ እጠቡ። ከዚያ በሊትር 58 ግራም ገደማ የገበታ ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ለአንድ ሌሊት አማስሉት። ይህ ገጹ ላይ ያሉትን የተለያዩ አየኖች (ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች) በሶዲየም ይተካል። ጨው እስኪለቅ እጠቡና በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርቁ።

3. ገጹን ቀይሩ

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። የሚያስፈልገን ፖዘቲቭ ጭንቅላትና ረጅም ቅባታማ ጅራት ያለው ሰርፋክታንት (ሳሙና መሰል ኬሚካል) ነው። በጣም የተለመደው ሄክሳዴሲልትራይሜቲልአሞኒየም ብሮማይድ ነው፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲታብ ይሉታል። ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ የዜዮላይቱ ቀዳዳ ውስጥ አይገባም፣ ላዩ ላይ ብቻ ይቀመጣል።

ትንሽ ከጨመራችሁ ጭንቅላቱ ማዕድኑ ላይ ይለጠፋል፣ ጅራቱ ወደ ውጭ ይቀራል። ገጹ ውሃን የሚሸሽ ይሆናል። ይህ አንድ ንጣፍ ነው። መጠኑን እጥፍ ካደረጋችሁ ሁለተኛ ንጣፍ ይሠራል። የሁለተኛው ጅራት ከመጀመሪያው ጅራት ጋር ይጋጠምና ጭንቅላቱ ወደ ውጭ ይዞራል። ኔጋቲቭ የነበረው ገጽ ፖዘቲቭ ሆነ ማለት ነው። ለዳይክሎፌናክ የምንፈልገው ይህን ነው። መድኃኒቱ በሁለት መንገድ ይያዛል፤ ቻርጁ ፖዘቲቩን ጭንቅላት ይይዛል፣ ቅባታማው ክፍሉ ደግሞ ጅራቶቹ መካከል ይሸጎጣል። እንደ ካርባማዜፒን ያለ ቻርጅ የሌለው መድኃኒት ላይ ግን የሚሠራው ይህ ሁለተኛው መንገድ ብቻ ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የዜዮላይታችሁ የውጭ ገጽ አየን የመለወጥ አቅም በ100 ግራም 10 ሚሊኢኩቫለንት (እንደ ሲታብ አንድ ቻርጅ ላለው 10 ሚሊሞል) ነው እንበል። 10 ግራም ዱቄት 1 ሚሊሞል ሲታብ ለአንድ ንጣፍ ይበቃዋል፤ 364 ሚሊግራም ገደማ ነው። ለሁለት ንጣፍ 729 ሚሊግራም። አቅሙ ከድንጋይ ድንጋይ ስለሚለያይ የራሳችሁን ለክታችሁ ቁጥሩን ተኩ።

ሲታቡን በ100 ሚሊሊትር ውሃ አሟሙት። ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ አይሟሟም፣ መልሶም ይረጋል፤ እስከ 40 ዲግሪ አሙቁት። 10 ግራሙን ዱቄት ጨምሩና ለ24 ሰዓት አማስሉ። ጓንትና መነጽር አትርሱ፤ ሲታብ ቆዳና ዓይን ያቆጣል።

ከዚያ አጥሩና እጠቡ፣ ግን አታብዙት። ሁለተኛው ንጣፍ የተያዘው በጅራት ብቻ ስለሆነ በብዙ ውሃ ይለቃል። ያጠባችሁበትን ውሃ ስትነቀንቁት አረፋ ካቆመ ይበቃል። በ60 ዲግሪ አድርቁት። ኢንፍራሬድ መሣሪያ ካገኛችሁ 2,850 እና 2,920 cm⁻¹ አካባቢ አዲስ መስመሮች መውጣታቸውን እዩ። የጅራቱ ምልክት ናቸው።

4. ፈትኑት

20 ሚሊግራም ንጹሕ ዳይክሎፌናክ ሶዲየም በአንድ ሊትር ውሃ አሟሙ። ኪኒን ፈጭታችሁ አትጠቀሙ፤ ሽፋኑና ማጣበቂያው ልኬቱን ያበላሻል። 100 ሚሊሊትር ወስዳችሁ 0.1 ግራም ዱቄት ጨምሩበት። እያነቃነቃችሁ በየተወሰነ ደቂቃ ናሙና ውሰዱ። አጥሩና በስፔክትሮፎቶሜትር (ምን ያህል ብርሃን እንደተዋጠ በሚለካ መሣሪያ) 276 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ አንብቡ። ንባቡን ወደ ሚሊግራም ለመቀየር ቀድማችሁ በ1፣ 2፣ 5፣ 10 እና 20 ሚሊግራም በሊትር የመለኪያ መስመር ሥሩ።

ከ20 ወደ 4 ወረደ እንበል። የጠፋው በሊትር 16 ሚሊግራም ነው። በ0.1 ሊትር አባዙት፣ ለ0.1 ግራም አካፍሉት። አንዱ ግራም ዱቄት 16 ሚሊግራም ይዟል ማለት ነው።

አሁን ተጠራጠሩ። «ጠፋ» ማለት «ተያዘ» ማለት አይደለም። ዳይክሎፌናክ ብርሃን ሲያገኘው ይፈርሳል፤ ብልቃጦቹን በፎይል ሸፍኑ። ፒኤቹ ወደ 4 ከወረደ ከውሃው ወጥቶ ይዘቅጣል፣ ማጣሪያው ላይ ይቀራል፣ እናንተ ግን ማዕድኑ ያዘው ብላችሁ ትደሰታላችሁ። ስለዚህ ፒኤቹን 7 አካባቢ ጠብቁ። ማጣሪያው ራሱም መድኃኒት ስለሚይዝ መጀመሪያ የወጡትን ጥቂት ሚሊሊትሮች ድፉ።

ለዚህም ነው ሦስት ተጨማሪ ብልቃጦች የማይቀሩት፤ አንዱ መድኃኒት ብቻ፣ አንዱ መድኃኒትና ያልተቀየረ ዜዮላይት፣ አንዱ የተቀየረው ዱቄትና ንጹሕ ውሃ። በሲታብ ፋንታ አፍ መጉመጥመጫ ውስጥ የሚገባውን ሴቲልፒሪዲኒየም ክሎራይድ ከተጠቀማችሁ የመጨረሻው ብልቃጥ ግድ ነው። ይህ ኬሚካል ራሱ 259 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ይውጣል። ከዱቄቱ ትንሽ ከለቀቀ የመድኃኒቱን ንባብ ያጋንነዋል።

5. እውነተኛ ውሃ ላይ

በዲስቲልድ ውሃ 80 በመቶ ተያዘ ሲባል ብዙም አያስደንቀኝም። እዚያ ተፎካካሪ የለም። የፍሳሽ ውሃ ውስጥ ሰልፌት፣ ፎስፌትና ከበሰበሰ ቅጠል የሚመጣ ሁሚክ አሲድ አለ። ሁሉም ኔጋቲቭ ናቸው፣ ሁሉም ያንኑ ቦታ ይፈልጋሉ። ያንኑ ፈተና ከማጣሪያ ጣቢያ በወጣ ውሃ ድገሙት። የሚያወዳድር ነገር እንዲኖራችሁም ጎን ለጎን አክቲቬትድ ካርቦን ፈትኑ።

ሌላው ጥያቄ የሲታብ መልቀቅ ነው። ለዓሣና ለሌሎች የውሃ ፍጥረታት መርዝ ነው። መድኃኒት አወጣሁ ብሎ ሌላ መርዝ የሚጨምር ዱቄት አይረባም። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ለቀናት አስቀምጣችሁ የለቀቀውን ለኩ።

ያገለገለውን ዱቄት በኤታኖል አጥቦ መልሶ መጠቀም ይሞከራል፣ ግን ኤታኖሉ ሰርፋክታንቱንም ጭምር ያነሳል። ዱቄቱ ካበቃለት ከኬሚካል ቆሻሻ ጋር አስወግዱት፤ የታጠበበትን ውሃም ወደ ማጠቢያ ገንዳው አትድፉት።