ደንቆሮ ጫካ ለማደር ስታስቡ እነዚህን አትሳሳቱ

አብዛኛው ሰው ካምፒንግ የሚያቅደው ለቀኑ ነው። ምን እንበላለን፣ ስፒከር ማን ይይዛል፣ ፎቶ የት እንነሳለን። ቀኑ ግን በራሱ ያልፋል። ጣጣው የሚመጣው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው፣ ሲጨልም። ከደሴ በአቀስታ አድርጋችሁ ወደ መካነ ሰላም፣ ከዛም ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ (ሁላችንም ደንቆሮ ጫካ የምንለው) ለመሄድ እያሰባችሁ ከሆነ፣ ለሌሊቱ አቅዱ። ቅርብ ይሻለናል ብላችሁ ደሴና ኮምቦልቻ አጠገብ ወዳለው የጎፍ ደን ብትሄዱም ያው ነው።

«ጃኬት ይዣለሁ፣ ይበቃኛል»

ይሄ በተለይ የኮምቦልቻ ልጆች ስህተት ነው፣ አትቀየሙኝ። ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች ነው፣ ደሴ ወደ 2,500 ይጠጋል፣ የፓርኩ ከፍታ ቦታዎች ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋሉ። በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል ብላችሁ አስሉት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊቱ ውርጭ ነው።

ሰው ብርድ ከላይ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። ከታች ነው የሚገድላችሁ። መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ የሰውነታችሁን ሙቀት ይመጠዋል፣ ስሊፒንግ ባጉም ቢሆን ስትተኙበት ከስር ስለሚጨፈለቅ ከታች በኩል ብዙም አይጠቅማችሁም። ስለዚህ ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ ወፍራም ጃኬት ከመግዛት በፊት ስፖንጅ ግዙ። ከላይ ጋቢ ወይም የእናታችሁን ባና ደርቡ። የምትተኙበትን ልብስ ቀን አትልበሱት፣ ላብ የነካው ልብስ ሌሊት ያቀዘቅዛል።

«ድንኳኑ ውስጥ ትንሽ ከሰል ብናስገባስ?»

አይሆንም። በቃ።

ግን ለምን እንደማይሆን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሁሌም አንድ ሰው «ጭሱ ካለቀ በኋላ እኮ ችግር የለውም» ማለቱ አይቀርም። የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ከሰሉ ቀልቶ፣ አመድ ለብሶ ጸጥ ሲል ነው ካርቦን ሞኖክሳይዱን ደህና አድርጎ የሚለቀው፣ እሱ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይጀምራችኋል፣ እናንተ የመንገድ ድካም ነው ብላችሁ ትተኛላችሁ። ዚፑን ገርበብ ማድረግ መፍትሔ አይደለም፣ የተዳፈነ ፍምም ያው ነው። ቡናውን ውጪ አፍሉ፣ ማንደጃው ውጪ ይደር። ለሙቀት የሚሆን ሌላ ዘዴ አለ፦ በደንብ የሚዘጋ የብረት ኮዳ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሙሉ፣ በካልሲ ጠቅልሉት፣ እግራችሁ ስር አድርጉት። ለረጅም ሰዓት ያሞቃል።

«ወንዙ አጠገብ እንትከለው፣ ድምፁ ደስ ይላል»

ድምፁ ደስ ይላል፣ አዎ። እናንተ ባላችሁበት ጠብ ሳይል ላይ ተራራው ላይ ዘንቦ ደራሽ ውሃ ሲመጣ ግን ደስ አይልም። የወሎ ተራራ ቁልቁለት ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይሰበሰባል። ክረምቱን ማንም አይሄድም እንበል፣ በልግን ግን ሰው ይረሳዋል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ዝናብ ሊመጣ ይችላል፣ ብዙ ሰው ደግሞ የፋሲካን እረፍት ጠብቆ ነው የሚወጣው።

ቦታ ስትመርጡ ቁጥቋጦዎቹን ተመልከቱ። ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ሳር፣ ጭራሮ ወይም ፌስታል ካያችሁ ውሃው እዛ ድረስ ደርሶ ያውቃል ማለት ነው። ከዛ ምልክት በደንብ ከፍ በሉ። ለስላሳ፣ ለጥ ያለ አሸዋ ለድንኳን የተሰራ ይመስላል፣ ያስተካከለው ግን ጎርፍ ነው። ከሰዓት በኋላ ውሃው ድንገት ከደፈረሰ ወይም ቅጠልና እንጨት ይዞ መምጣት ከጀመረ ዕቃ ለመሰብሰብ አትቆዩ፣ ወደ ላይ ውጡ።

ስለ ውሃና ምግብ

ከጫካ የሚወርድ ውሃ ንጹህ ነው የሚባለውን ተዉት፤ ከላይ ከብት አለ፣ ሰው አለ። አፍሉት። ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ጠብቁት። ጥሬ ሽንብራ ወይም ምስር ይዛችሁ እቀቅላለሁ እንዳትሉ፣ በዛው ምክንያት አይበስልላችሁም፣ ከሰላችሁን ትጨርሳላችሁ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ። ለዚሁ ለመንገድ የተሰሩ ምግቦች እያሉን ኑድልስ የሚሸከም ሰው ይገርመኛል።

በግ ወስደን እዛው እንረድ የሚልም አይጠፋም። ደምና አጥንት ባለበት ጅብ ሳይጋበዝ ይመጣል። ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ፣ መኪና ካለ መኪና ውስጥ ቆልፉት። ዝንጀሮም ቀን ላይ ቦርሳ መክፈት ያውቅበታል፣ ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ ዳቦ አትወርውሩለት።

መጸዳጃና እቃ ማጠቢያ ከወንዙ ቢያንስ 60 ሜትር ይራቅ፤ ጉድጓዱ አንድ ስንዝር ያህል ጠልቆ ይቆፈር፣ ሲጨርሱ ይደፈን። ሃይላንዱንና ፌስታሉን ይዛችሁት ተመለሱ። እንጨት ከጫካው አትቁረጡ፣ ጥዱና አስታው ለማገዶ አልተጠበቀም። ውሻችሁን ደግሞ ቤት ተዉት። ፓርኩ ውስጥ ቀይ ቀበሮ አለ፣ የእብድ ውሻ በሽታ የሚይዘው ከቤት ውሻ ነው።

«እንደደረስን እናየዋለን»

ድንኳን በጨለማ፣ በስልክ መብራት አይተከልም። እስከ 10 ሰዓት ድረስ ቦታው ላይ ካልደረሳችሁ መካነ ሰላም ከተማ አድራችሁ ጠዋት ግቡ፣ ምንም አይጎድልባችሁም። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ እዛው ለሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ባለፈው ዓመት የሄደ ጓደኛ የሚነግራችሁ በቂ አይደለም። ስትደርሱ መጀመሪያ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ የት ማደር እንደሚፈቀድ እነሱ ናቸው የሚነግሯችሁ፣ አካባቢውን የሚያውቅ አስጎብኚም እዛው ጠይቁ።

ገደሉ ውስጥ ስልክ ላይሰራ ይችላል። ቤት ለቀረ ሰው የት እንደምታድሩና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ተናገሩ፣ እስከዚህ ሰዓት ካልደወልን ለእገሌ ደውሉ በሉና ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ።