አሮጌ ሞተር ቤት ውስጥ ስትፈቱ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ጅማ ውስጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ብዙ ነው። ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ ያማሃ ኤጂ 100፣ ዲቲ 125፣ ስንት እጅ የዞረ ቦክሰር፣ አንዳንዴም መቼ እንደተገዛ ማንም የማያስታውሰው ሆንዳ። ጠንካራ ሞተሮች ናቸው። በአግባቡ ከተያዙ የሰቃንም የዴዶንም ጭቃ አልፈው ይመለሳሉ። እርጅና ሲገድላቸው ብዙም አላየሁም። እኔ ጋ ተጭነው የሚመጡት አብዛኞቹ የተበላሹት በባለቤታቸው እጅ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በረንዳ ላይ ነው። ሳይለኩ ማጥበቅ፣ ሳያዩ መፍታት።

ቤት ውስጥ መሥራትን አልቃወምም። የገዛ ሞተሩን የሚያውቅ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል። ግን አንዳንዱ ስህተት ሲደጋገም ዝም ማለት አቅቶኛል።

ቤንዚንና የቡና ምድጃ

ይሄኛው ሞተሩን ሳይሆን ሰውን ስለሚገድል ይቅደም። ጅማ ነን፣ ቡና በቀን ሦስቴ ይፈላል። የሚፈላውም ብዙ ጊዜ እዚያው ሞተሩ የተፈታበት በረንዳ ላይ ነው። ልጁ ካርቦሬተሩን አውርዶ ክፍት ሳፋ ውስጥ በቤንዚን ያጥባል፤ እናቱ አራት አምስት እርምጃ ራቅ ብላ ከሰል ታቀጣጥላለች። «ራቅ ብሏል እኮ» ይሉኛል። አልራቀም! የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ ተነስቶ አይበተንም፤ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጎ ይተኛል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳን የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል፤ እንግዲህ የጅማን ሙቀት አስቡት። ሳፋው ወደ ምድጃው መጠጋት አያስፈልገውም። ትነቱ ራሱ ወለሉን ተከትሎ ምድጃው ጋ ይደርሳል፣ እሳቱም በመጣበት መንገድ ወደ ሳፋው ይመለሳል።

አንድ የሰፈራችን ልጅ በዚህ ሁለት እጁ ተቃጥሏል። ምድጃው በረንዳው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ነበር። ሰው ደንግጦ ውኃ ደፋበት፤ ቤንዚን ደግሞ ውኃ ላይ ስለሚንሳፈፍ እሳቱ ከውኃው ጋር አብሮ ደረጃውን ወረደ። በመጨረሻ ያጠፉት በአፈር ነው።

ዕቃ ለማጠብ ነጭ ጋዝ ተጠቀሙ። እንደ ቤንዚን ቶሎ አይተንም፤ እሱንም ቢሆን ከእሳት ርቃችሁ፣ ሜዳ ላይ። ቤንዚን የግድ ከሆነ ቡናው ይቆይ። «እማዬ፣ ዛሬ ቡናው እስክጨርስ ይቆየኝ» ማለት ነውር አይደለም። አፈር የሞላ ባልዲ አጠገባችሁ ይቀመጥ። መብራት ጠፍቶ በሻማ ታንከር ውስጥ የሚያይ ሰውም አጋጥሞኛል፤ እባካችሁ፣ የስልክ መብራት አለ።

ክረምት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ዝናቡ ሲያስቸግር ሞተሩን ክፍል አስገብቶ፣ በር ዘግቶ ማስነሳት። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ሰውዬው ትንሽ ራሱን ያመዋል፣ ይደክመዋል፣ ቁጭ ይላል፣ ከዚያ አይነሳም። ሞተር የሚነሳው ውጭ ነው፣ ዶፍም ቢሆን።

ቫልቭ «ይጮሃል» ብሎ ማጥበቅ

ፎር ስትሮክ ላላችሁ፣ ቦክሰርም ሆንዳም ለያዛችሁ። ጠዋት ሲነሳ ቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሩ ክዳን፣ አካባቢ ቲክ ቲክ ይላል። ባለቤቱ ይጨንቀዋል። ጓደኛው «ቫልቩ ላልቷል፣ አጥብቀው» ይለዋል። ክዳኑን ይከፍትና ድምፁ እስኪጠፋ ያጠብቃል። ሞተሩ ጸጥ ይላል፣ ሰውዬውም ደስ ይለዋል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጠዋት አልነሳ ይላል፣ ጉልበት ያጣል፣ የመርገጫው ፔዳል ለእግር ባዶ ይሆናል። እኔ ጋ ሲመጣ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ጠርዙ ተበልቷል።

ለምን? ያ ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ በቫልቩና በሚገፋው ሮከር መካከል ክፍተት ካልተውክለት ሙሉ በሙሉ መዘጋት አይችልም። ሳይዘጋ ሲቀር የሚነደው ጋዝ በጠርዙ እየሾለከ ያቃጥለዋል። ትንሽ ቲክ ቲክ የሚል ቫልቭ ጤነኛ ነው። የሚያስፈራው ድምፁ የጠፋው ነው።

ልኩ በጆሮ አይገኝም። ፊለር ጌጅ፣ ማለትም ክፍተት የሚለካባቸው ስስ ብረቶች፣ ግዙ፣ ርካሽ ነው። በነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ነው፤ የራሳችሁን ሞተር ትክክለኛ ቁጥር ግን ከማንዋሉ አውጡ፣ ከጓደኛ አትቀበሉ። ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ቀዝቃዛ ስል ቡና ጠጥታችሁ እስክትመለሱ የቆየ ማለቴ አይደለም፣ ያደረ ማለቴ ነው።

ከዚያ ፒስተኑ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ መውጣቱን፣ ሁለቱም ቫልቮች የተዘጉበት ዙር መሆኑን አረጋግጡ። ማግኔቱ፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ክብ ብረት፣ ላይ ያለው የ«ቲ» ምልክት ከመስመሩ ሲገጥም ሁለቱንም ሮከሮች በጣታችሁ ነቅነቅ አድርጉ። ሁለቱም ትንሽ ከተንቀሳቀሱ ልክ ናችሁ። አንዱ ከተወጠረ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩና እንደገና ሞክሩ፤ ምልክቱ በዑደቱ ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስስ ብረቷ ስትገባ ቀለል ያለ መያዝ ይሰማችኋል፤ የምትንሸራተት ግን የማትወዛወዝ። የማስተካከያውን ዳዶ ስታጠብቁ ብሎኑ አብሮ መዞሩ አይቀርም፤ ስለዚህ አጥብቃችሁ እንደገና ለኩ። ሁለተኛውን መለካት የሚዘሉት ሰዎች የመጀመሪያውንም ባይለኩ ያው ነበር።

ቱ ስትሮክ ገዝቶ ስለ ዘይቱ አለመጠየቅ

ኤጂና ዲቲ ቱ ስትሮክ ናቸው፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይነዳል፣ ለዚህም የተለየ የዘይት ታንክ አላቸው። ያማሃ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አውቶሉብ በሚለው ፓምፕ ዘይቱን ራሱ ለሞተሩ ያደርሳል። ችግሩ ከብዙ ዓመት አገልግሎት በኋላ አንዳንዱ ባለቤት ፓምፑን ነቅሎት ዘይትና ቤንዚን እየቀላቀለ ሲነዳ ኖሯል። ከዚያ ይሸጠዋል። ገዢው የዘይት ታንኩ ሙሉ መሆኑን ያያል፣ ንጹህ ቤንዚን ይቀዳል፣ ወደ አጋሮ ይወጣል። መንገድ ላይ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ይነክሳል።

ሻጩን ጠይቁ። ከጠየቃችሁም በኋላ አትመኑ፣ ፓምፑንና ቱቦዎቹን በዓይናችሁ እዩ። ቱቦው ተነቅሎ ከነበረ ወይም ታንኩ ደርቆ ከነበረ ውስጡ አየር ገብቷል፤ ፓምፑ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ አድርጋችሁ ያለ አረፋ ዘይት እስኪወጣ ጠብቁ። ይህን ሳያደርጉ ሲያስነሱት ደህና ይሠራል፣ ይነዳል፣ ሰውን ያታልላል፣ ዳገት ላይ ግን ይጣበቃል። እስክታረጋግጡ ድረስ ቤንዚኑ ላይ ዘይት ቀላቅሉበት። 1 ለ25 ከሆነ ለ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። በሲሪንጅ ወይም መስመር ባለው ዕቃ ለኩት፤ «በግምት አንድ ክዳን» የሚባል ልክ የለም። ብዙ ጨምሬ ልጠንቀቅ ማለትም አይሠራም፣ ካንዴላውን ያጠቁረዋል፣ ማርሚታውንም በጥላሸት ይደፍነዋል። የካምቢዮው ዘይት ደግሞ ሌላ ነው፣ እሱ ለብቻው ይቀየራል።

የመኪና ዘይት

ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ የሚሠራ ሞተር ላይ ግጭት የሚቀንስ ቅመም ያለው የመኪና ዘይት ከጨመራችሁ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚል ፈልጉ፤ ለእንዲህ ያለ ፍሪሲዮን የሚሆን ዘይት ማለት ነው። በቃ።

ካርቦሬተርን በሽቦ መጎርጎር

ጅግለሩ፣ ቤንዚን የሚያልፍባት ትንሿ ቁራጭ፣ ቀዳዳው በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚለካ ለስላሳ ናስ ነው። በመርፌ ወይም በብረት ሽቦ የጎረጎረ ሰው አጸዳሁ ይላል፣ ግን ቀዳዳውን አስፍቶታል፤ ከዚያ ሞተሩ ቤንዚን ይጠጣል፣ ይጨሳል፣ ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበት ፍጥነት) አልስተካከል ይላል። በማጽጃ ዘፍዝፉት፣ በአየር ንፉት፣ እምቢ ካለ የዓሣ ማጥመጃ ናይሎን ክር አሳልፉበት።

ግን ከመፍታታችሁ በፊት አንድ ነገር እዩ። ከካርቦሬተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ክፈቱና የሚወርደውን በጥርት ያለ ብርጭቆ ተቀበሉ። ውኃ ካለ ከታች ለብቻው ተንከባሎ ይቀመጣል፣ ቤንዚኑ ከላይ ይቀራል። ክረምት ላይ በታንከር ክዳኑም ይገባል፣ በላስቲክ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር ከተገዛ ቤንዚንም ይመጣል። ስንቱ ካርቦሬተር ያለ ጥፋቱ ተፈታ! ጥፋቱ የታንከሩ ነበር።

የጃፓን ብሎንና የማይገጥም ካቻቢቴ

የድሮ ጃፓን ሞተሮች ላይ ያለው መስቀል ብሎን ገበያ ከሚሸጠው ተራ መስቀል ካቻቢቴ ጋር አንድ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ አለች። ተራው ካቻቢቴ ጫፉ ሹል ስለሆነ ታች ሳይደርስ ይቀመጣል፣ ሲገፋ ወደ ላይ ይሾልካል፣ መስቀሉንም ክብ ያደርገዋል። ትክክለኛውን ካጣችሁ የተራውን ጫፍ በትንሹ ሞርዱት፣ ሙሉ በሙሉ እንዲቀመጥ። ያልተፈታ ካለ በመዶሻ እየተመታ የሚፈታውን ካቻቢቴ ተጠቀሙ፣ ከቀድሞው ምሽት ዘልቆ የሚገባ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ።

የተፈቱትን ብሎኖች አንድ ጣሳ ውስጥ አትጨምሩ። ዴዶ በኩል የምትሠራ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሞተሯን ራሷ ነው የምትጠግነው። የሞተሩን ጎን ክዳን ስትፈታ ካርቶን ላይ ቅርፁን ትስልና እያንዳንዱን ብሎን በቦታው ትሰካዋለች። ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙ አጭር ቀዳዳ ውስጥ ከገባ መጨረሻውን ይገፋና ክዳኑን ይሰነጥቃል፣ አጭሩ ረጅሙ ቦታ ከገባ በሁለት ጥርስ ብቻ ይይዝና ይበላል። ያንን ካርቶን ሳይ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ማንም አላስተማራትም።

ካቴና መወጠር

የላላ ካቴና ያስፈራልና ሁሉም ይወጥራል። ሰው ሲቀመጥበት፣ ከኋላ የቡና ጆንያ ሲጫን የኋላው ጎማ ወደ ላይ ይወጣል፣ ካቴናውም የበለጠ ይወጠራል። ትርፍ ከሌለው የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይጎትታል። ለትንንሽ የመንገድ ሞተሮች መሃሉ ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መንቀሳቀስ አለበት፣ እንደ ዲቲ ላሉት ከዚያም በላይ። ጎማውን እያዞራችሁ በጣም የሚወጠርበትን ቦታ ፈልጉና እዚያ ላይ ለኩ። ኤጂ ካቴናው የተሸፈነ ስለሆነ ጭራሽ ይረሳል፣ ክዳኑን ክፈቱና እዩት።

በአጭሩ

የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ ወይም በሲጋራ ብርማ ወረቀት አትተኩ፤ ሽቦው ሁሉ ይነድዳል። ከድሮዎቹ ብዙዎቹ ባለ 6 ቮልት ናቸው፣ አምፖልና ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ። አዲስ ካንዴላ በጣት እስኪቆም ካዞራችሁ በኋላ ግማሽ ዙር በቁልፍ ይበቃዋል፣ ቴስታታው አልሙኒየም ነው። የፍሬን ታምቡር ውስጥ ያለውን ብናኝ በአፍም በአየርም አትንፉ፣ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ላቫጆ ስትሄዱ ግፊቱን የጎማ ኩሽኔታዎች ላይ አታስደርጉ። የተቀየረ ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፉ፣ ቀጥታ አዌቱ ወንዝ ነው የሚገባው፤ በጀሪካን አጠራቅሙ።

ፒስተን ስትቀይሩ

ይሄ ቤት ውስጥ የሚሠራ ከባዱ ሥራ ነው፣ ግን ይቻላል። ሲሊንደሩ እንደተነሳ የታችኛውን ክፍት አፍ በንጹህ ጨርቅ ድፈኑት። የፒስተኑን ፒን የምትይዘው ትንሿ ክሊፕ ስትወጣ ትፈናጠራለች፣ የምትወድቀውም ሁሌ እዚያ ውስጥ ነው፤ ያኔ ሞተሩ በሙሉ መከፈት አለበት። ያወጣችሁትን ክሊፕ አትመልሱት፣ ጉልበቱ አልቋል፣ ሥራ ላይ ሲወጣ ሲሊንደሩን ይፍቃል። ቱ ስትሮክ ላይ ደግሞ የፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ጫፎች ፒስተኑ ላይ ካሉት ትንንሽ ፒኖች ግራና ቀኝ መግጠም አለባቸው፣ ቀስቱም ወደ ጭስ ማውጫው ይዙር። ሲሊንደሩ ሲወርድ ከያዘ አትግፉት፣ አንሱትና ፋሻውን እንደገና እዩ። አዲስ ክሊፕ ሁለት ግዙ፣ አንዱ ቢፈናጠር መለዋወጫ ሱቅ እስኪከፈት እንዳትጠብቁ።